ያለ «ምናልባት» የወጣ ትንበያ

ሰፈርተኛው «ወይዘሮ ምናልባት» ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት በአካባቢው የአየር ትንበያ ጣቢያ ስትሠራ ኖራለች። ከአራት ዓመት ወዲህ ግን «ምናልባት» የምትል ቃል ሳታስገባ አንድም ትንበያ ጽፋ አታውቅም። ያኔ «ቀኑ ደረቅ ነው» ብላ ስትጽፍ፣ ጡብ ሠሪው ጎረቤቷ ያልተተኮሰ ጡቡን ሜዳ ላይ ደርድሮት ሄደ። ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ ሁሉንም ጭቃ አደረገው። ሰውየው ክፉ ቃል አልወጣውም። በማግስቱም እንደወትሮው «እንደምን አደርሽ» ብሏት አለፈ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ዘንድሮ፣ በአንድ የፀደይ ሰኞ ጠዋት፣ ካርታዎቿን ሦስት ጊዜ አየች። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም ለስለስ ያለ ነው። «ሳምንቱ ምናልባት ደረቅና ለዘብ ያለ ይሆናል» ብላ ጽፋ ለአለቃዋ ሰጠችው። አለቃዋ እስክሪብቶውን አንስቶ ቃሏን ሰረዘባት።

«ሰው ሥራውን የሚያቅድበት ነገር ስጪው እንጂ» አላት። «ይቺ ምናልባት ስልችት አለችኝ።»

ልትከራከር አሰበች፤ ምን ይዛ ትከራከር? ትንበያው በሬዲዮ ተነበበ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ታላቅ ወንድሟ ደወለላት። «በይ፣ የእማዬን ጣሪያ አስነስቼዋለሁ።»

«ምን አልከኝ ወንድም ጋሼ?»

«እህቴ ደረቅ ነው ካለች ምን እጠብቃለሁ? አናጢው አዲሱን እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ ብሏል።»

እናታቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሰባት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ናቸው። ከቤቴ ንቅንቅ አልልም ካሉም ቆይተዋል።

ከሥራ እንደወጣች ወደ እናቷ ቤት በረረች። እናቷ ጃንጥላ ራስጌያቸው ላይ ታስሮላቸው፣ በጣሪያው ባዶ ወራጆች መሃል ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ለማታ የተዘጋጀችው ሸራ ጥግ ላይ ተጠቅልላለች፤ ብርድ እንኳ በቅጡ የማትመልስ ብጥስጣሽ ነገር።

«እማዬ፣ እኔ ቤት ልውሰድሽ።»

«ለምን? ሰባት ወር ሸረሪት ስቆጥር ኖሬ ዛሬ ወፍ አየሁ።»

ከዚያ በኋላ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ረቡዕ ገና ሳይነጋ በነጠላ ጫማ ወጥታ አንጋጠጠች። ቢሮ ገብታም ከወንበሯ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ መለኪያዎቹ ስትመላለስ ዋለች። ምሳዋን ከፍታ ሳትቀምሰው መልሳ ከደነችው።

ሐሙስ ረፋድ የአየር ግፊት መለኪያው መርፌ ትንሽ ዝቅ አለ። «ይሄ እኮ ያለ ነው» አላት አለቃዋ። እሷ ግን በስተምዕራብ ግራጫ ነገር ሲንከባለል ታይቷታል። ፈቃድ ሳትጠይቅ ወጣች። መንገድ ላይ ሁለት ጥቅል ወፍራም ላስቲክ ገዛች፤ እያለከለከች እናቷ ቤት ደረሰች።

«ሥራውን ተዉና ሸፍኑት።»

አናጢው መዶሻውን እንደያዘ ከላይ አያት። «እትዬ፣ ደረቅ ነው ያሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የትኛውን ልመን?»

«የአሁኑን።»

ወንድሟ አጉረመረመ፤ ቢሆንም የላስቲኩን ጫፍ ያዘላት። እሷ ሃምሳ አንድ ዓመቷን ረስታ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መሰላሉን ወጣች። አስረው ሲጨርሱ ከሥር የእናቷ ድምፅ መጣ፦ «እንደ ቲማቲም ችግኝ ሸፈናችሁኝ እኮ! አየር አሳጣችሁኝ።»

ደመናው መጣ፣ ትንሽ አጠላ፣ አለፈ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ወንድሟ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። አናጢው ግማሽ ቀኑ ስለባከነ ሥራው ወደ ቅዳሜ ተሻገረ። እሷ እፍረት ፊቷን እያቃጠላት ከመሰላሉ ወርዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናቷ እጇን ያዙ።

«ቢዘንብስ ምን እሆን ነበር?»

«ትረጥቢያለሽ።»

«ብረጥብ እደርቃለሁ። ጨው አይደለሁ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላሳረፋትም። ዓርብ እረፍት ወስዳ ለአናጢው ሚስማር ስታቀብል ዋለች፤ ዓይኗ ከምዕራብ አልተነቀለም። ሁለቴ ባዶ እጇን ዘረጋችለት። ቅዳሜ ቀትር ላይ የመጨረሻው ቆርቆሮ ተመታ። ሳምንቱም እንደተባለው ደረቅና ለዘብ ያለ ሆኖ አለቀ።

ዝናቡ የመጣው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ቢሮ ሆና የመጀመሪያውን ጠብታ መስኮቱ ላይ ስታይ ደወለች። በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮው ይንጎደጎዳል።

«ያፈሳል እንዴ እማዬ?»

«አያፈስም፤ ግን ጆሮዬን አደነቆረው። ሰማዬንም ወሰዳችሁብኝ።»

«በመስኮቱ በኩልስ?»

«አያፈስም አልኩሽ።»

«በራስጌሽ በኩልስ? ቀና ብለሽ እዪልኝ።»

እናቷ ቀና አሉ። ከዚያም ልጃቸው ስልኩን እንደያዘች ጠረጴዛዋን እየዞረች፣ እሳቸው ጣሪያቸውን ጥግ በጥግ እያዩ ይነግሯት ጀመር።