በስቅለት ያልመታችኝ መሣሪያ

ከግራ ትከሻዬ በታች፣ ከቆዳዬ ሥር፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል መሣሪያ አለች። ልቤ ድንገት ሥርዓቱን ሲስት በኤሌክትሪክ መትታ ትመልሰዋለች። አንድ ጊዜ ከሞት መልሳኛለች፤ ስለዚህ አላማትም።

አምና በስቅለት ግን ያለጥፋቴ መታችኝ። በከተማችን በመካነ ኢየሱስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ እየሰገድሁ ሳለ በቅሎ ደረቴን የረገጠችኝ መሰለኝ። ተነሥቼ ስሰግድ ደገመችኝ። ሴቶቹ ጠበል ረጩብኝ። ታናሽ እህቴ "መብረቅ ውጠሽ መጥተሽ እኛንም ልታስመቺን!" ብላ ሳቀች፤ ክንዴን ግን አልለቀቀችም።

የነፍስ አባቴ ስግደት ከለከሉኝ። "ልጄ፣ ለበሽተኛ መቆምም ስግደት ነው" አሉኝ። እሺ አልሁ። ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ ግን ስቅለትን ቆሜ አሳልፌ አላውቅም።

አዲስ አበባ ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ መሣሪያዋ የመዘገበችውን በኮምፒውተር አየ።

"እማማ፣ ያን ዕለት ልብዎ ፈጠነ እንጂ አልታመመም። ምን እየሠሩ ነበር?"

"እየሰገድሁ።"

"ልብ የሚያረጋጋውን ክኒንዎን ጠዋት ውጠዋል?"

"አልዋጥሁም።" በጾም እስከ ማታ አቆየው ነበር።

"መምታቷን ለጊዜው አጥፍቻታለሁ። እስኪ እዚህ ይስገዱ።"

"ለአንተ?"

ነርሷ ሳቀች። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወለሉ ላይ ሰገድሁ፤ እርሱ ስክሪኑን ያያል።

"መሣሪያዋ እስካሁን ፍጥነቱን ብቻ ነበር የምታየው" አለኝ ሲጨርስ። "የስግደት ፍጥነት ቀስ እያለ ይወጣል፤ የበሽታው ድንገት ነው። አሁን ሁለቱን እንድትለይ፣ ከመምታቷ በፊትም ትንሽ እንድትታገሥ አድርጌ መልሼ አብርቻታለሁ። ክኒኑ ግን በጠዋት!"

የነፍስ አባቴ "መድኃኒት ጾም አይሽርም" ብለው ፈቀዱ። ለስግደቱ "እናያለን" አሉ።

ዘንድሮ ክኒኔን በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጬ ሄድሁ። ቀኑን ሙሉ ከሕዝቡ ጋር ሰገድሁ፤ የነፍስ አባቴም እያዩ አልከለከሉኝም። ልቤ በፈጠነ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። አልመታችኝም።

ማምሻውን ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን እየመቱ የየድርሻችንን ስግደት ሲሰጡ፣ የነፍስ አባቴ "ለአንቺ አሥር ይበቃል" አሉኝ።

"ለእህቴ ስንት ሰጧት?"

"አርባ አንድ።"

"ለእኔም አርባ አንድ።"

ትንሽ አዩኝና በወይራው ደገሙኝ።

እህቴ ሠላሳ ላይ ስትደርስ ግንቡን ተደግፋ ተቀመጠች። "አንቺ፣ ቆይኝ እንጂ!" አለች።

"አልቆይሽም" አልኋት።

የእኔን ጨርሼ፣ አጠገቧ ቆሜ፣ ተነሥታ የቀራትን አሥራ አንድ ስትሰግድ ቆጠርሁላት።