ታይሮይድ ያስሮጠኝ ክረምት

መጀመሪያ ያወቅሁት በፎቶ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ በመቱ ከተማችን ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ በጓሮዬ ያሉት ዳሊያዎች ፈክተው ነበር። አበባ ሲፈካ ጠሉ ሳይረግፍ ስልኬን ይዤ አጎነብስና አነሳለሁ፤ ከዚያም ጅማ ለምትማረው ልጄ ለሪሃና እልክላታለሁ። ያን ሰሞን የላክሁላት ሁሉ ደብዛዛ ሆነ። «እማ፣ ስልኩን ቀይሪው» አለችኝ። ስልኩ ምንም አልሆነም። የሚንቀጠቀጠው እጄ ነበር።

ዕድሜ ነው አልኩ። ድካም ነው አልኩ። ባለቤቴ ከድር የቀለምና የቆርቆሮ ሱቅ አለው፤ ጠዋት እሱን አግዤ ከሰዓት በኋላ ጓሮዬ ውስጥ ነኝ። ያን ክረምት ግን መቀመጥ የሚባል ነገር ጠፋብኝ። የበቆሎ እሸት ስሰብር ጎደሬው ትዝ ይለኛል፣ ጎደሬውን ቆፍሬ ሳልጨርስ ቃሪያ ለቀማ እገባለሁ። ሰው ሁሉ በብርዱ ጋቢ ሲደርብ እኔን ያልበኛል። እንደ ሁለት ሰው እበላለሁ፣ ቀሚሴ ግን በየሳምንቱ ይሰፋኛል። ጎረቤቶቼ ቀጠንሽ፣ አማረብሽ ይሉኝ ነበር። ከድር አልወደደውም። ከምግብ መሃል ተነስቼ ስሄድ ሳህኔን ከድኖ ያስቀምጥልኛል።

መስከረም እንደ ጠባ፣ እንደ ልማዳችን፣ ከጎረቤቴ ከአዴ ጫልቱ ጋር ሶር ፏፏቴን ልናይ ሄድን። አዴ ጫልቱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ መንገድ ይወዳሉ። ወደ ፏፏቴው ገደል መውረዱ አላስቸገረኝም። በጫካው ውስጥ ያገኘሁትን አበባ ሁሉ አነሳሁ፤ አንዱም አልጠራልኝም።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ ልቤ በኃይል መምታት ጀመረ። ቆምኩ። እሱ አልቆመም። ተቀመጥኩ። አየር አጠረኝ።

አዴ ጫልቱ እጄን ያዙ። «ሱታ፣ ሱታ» አሉኝ፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። እኔ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፣ ልቤ ይሮጣል። ከዚያ ገደል የምወጣ አልመሰለኝም። ልጄን አሰብኩ።

በአቅራቢያው ያሉ የመንደር ሰዎች ደግፈው አወጡኝ። በማግስቱ ከድር ሱቁን ዘግቶ ሆስፒታል ወሰደኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ብዙ አታወራም። እጆቼን ወደ ፊት አስዘርግታ በላያቸው ወረቀት አስቀመጠች። ወረቀቱ ተርገበገበ። ውሃ እያስዋጠች አንገቴን ዳሰሰች።

«ይህ ጭንቀት አይደለም» አለች። «ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ከመጠን በላይ ሆርሞን እያመረተ ይመስለኛል። በደም እናረጋግጣለን።»

ውጤቱ እንዳለችው ሆነ፤ ሃይፐርታይሮይዲዝም። ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘችልኝ። አንደኛው ፕሮፕራኖሎል የልቤን ምት የሚያረጋጋ ነው፤ ሌላው ፕሮፒልታዮዩራሲል ዕጢውን የሚገታ ነው። ስለ ሁለተኛው አስጠነቀቀችኝ።

«ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣብዎ ይህን ክኒን አቁመው በዚያው ቀን ይምጡ። ነገ እመጣለሁ እንዳይሉ።»

እየተሻለኝ መጣ። ልቤ ረገብ አለ፣ እንቅልፍም ተመለሰልኝ። ጥቅምት ላይ ጎሬ ያለችው እህቴ ጽጌረዳዋ እንዳበበ ነገረችኝና ልሄድ ተነሳሁ። ጉሮሮዬን ያመኝ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ከድር በመስኮት እጁን ሰዶ ግንባሬን ነካ።

«ውረጂ» አለኝ። ወረድኩ።

ቀጥታ ሆስፒታል ገባን፤ ደሜ ሲመረመር በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴሌ በጣም ወርዶ ነበር። ያወረደው ሁለተኛው ክኒን ነው። ተኛሁ። አፌ ቆሰለ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ጠያቂ ተከለከለ። በክንዴ አንቲባዮቲክ ይገባል፣ እኔ ግን የማስበው ዱባዬን ነው። ይበሰብሳል፣ ማን ይሰበስበዋል እላለሁ። ተነስቼ በር ድረስ ልሂድ እላለሁ። እግሬ እምቢ ይላል።

በሕይወቱ ፎቶ አንስቶ የማያውቀው ከድር የጓሮውን ፎቶ ይልክልኝ ጀመር። ግማሹን ጣቱ ሸፍኖታል። የዳሊያዎቹ አናት ተቆርጦ ግንዳቸው ብቻ ይታያል። ዱባውን የደረሰውንም ያልደረሰውንም ለቅሞ በረንዳ ላይ ደርድሮታል። ሳቅሁ፤ ሳቁ ጉሮሮዬን አሳመመኝ።

አንድ ጠዋት ሐኪሟ ውጤት ይዛ ገባች። «ሴሎቹ መመለስ ጀምረዋል» አለች። «ይህን መድኃኒት ግን በሕይወትዎ ዳግመኛ አይወስዱም።»

ካገገምኩ በኋላ ክኒኑ ስለተከለከለኝ ዕጢው በቀዶ ጥገና እንዲወጣ ጅማ ተላክሁና፣ ለቀዶ ጥገናው የሚያዘጋጁኝን መድኃኒቶች ወስጄ ዕጢው ወጣልኝ፤ ሪሃናም ከትምህርቷ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። አሁን በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ የዕጢውን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን እውጣለሁ፣ በቀጠሮዬ ደም እሰጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላም ጓሮዬ ውስጥ እሠራለሁ፤ ሲደክመኝ አረፍ ማለት አሁንም አልለመድኩም፣ አዴ ጫልቱ በአጥር በኩል እየተቆጡ ያስቀምጡኛል። ላወጣኝ አላህ ምስጋና ይግባው። ነገ እመጣለሁ እንዳይሉ ላለችኝ ሐኪም፣ ከመኪና ላወረደኝ ባሌም ምስጋናዬ አያልቅም።

በሽታው ላለባችሁ የምለው ይህ ነው። እንቅርት፣ የዚሁ ዕጢ ማበጥ፣ በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ላይ ይታያል ብላችሁ እንደ ተራ ነገር አትለፉት። እየበሉ መክሳትን፣ ያለ ሥራ ማላብን፣ ተቀምጦ የሚሮጥ ልብን ለሐኪም ንገሩ። ዕጢውን የሚገታውን ክኒን ከጀመራችሁ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቆዩ፤ ክኒኑን አቁማችሁ ያኔውኑ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርምሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አንዲት ጎመን ሻጭ አየሁ። አንገቷን በሻሽ ጠምጥማለች፣ ጎመኑን ስታስር እጇ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ስለ ሕመሟ ጠየቅኋት። ሆስፒታል እንደምትፈራ ነገረችኝ።

«ቢቆርጡኝስ?» አለችኝ።

ሻርፔን ገልጬ ጠባሳዬን አሳየኋት። «ሁሉም ሰው አይቆረጥም፤ መጀመሪያ ደም ብቻ ነው የሚወስዱት» አልኳት። «አብሬሽ እገባለሁ።»

ነገ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀጣጥረናል። ቀድሜያት እደርሳለሁ፤ እኔን አጥታ እንዳትመለስ።