ለእማማ ጆምሱን የተሠራ መቀመጫ

ሄሪን ከክፍላችን ሁሉ ጎበዝ ነበረች፤ ይህን ስል ትንሽ ቅናት አለብኝ። ቾንግጁ ከተማ የምንማረው ሰውን ማዕከል ያደረገ የምርት ዲዛይን ነው። ዕቃውን ከመሥራትሽ በፊት የሚገለገልበትን ሰው ጠይቂ፣ ከሠራሽም በኋላ መልሰሽ ጠይቂ፤ ትምህርቱ በአጭሩ ይኸው ነው።

እሷ የመረጠችው እማማ ጆምሱንን ነው፤ ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ብቻቸውን በርበሬ የሚያለሙ አሮጊት። የዚያ አገር ሴቶች ለቀማ ላይ ቁጢጥ ብለው ስለሚውሉ፣ ክብ የስፖንጅ መቀመጫ በላስቲክ ታፋቸው ላይ አስረው ነው የሚዞሩት። ሄሪን ወገብ የሚደግፍ ጠንካራ ቀበቶ ጨምራ አዲስ ሠራችላቸው። በየቅዳሜው እየሄድን እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ በቪዲዮ እቀርጻለሁ።

«እማማ፣ ይመችዎታል አይደል?»

«ወገቤ ልጃገረድ ሆነልሽ እኮ። አሁን የቀረሽ ባል መፈለግ ነው።»

በሳቅ ሞትን። ፊልሙን ያዩት መምህራችን ፕሮፌሰር ኖም ወደዱት።

ሥራችንን የምናቀርብበት ቀን ሲቃረብ፣ ከእርሻው ስንመለስ አቧራችንን ልናራግፍ ወደ መንደሩ የሴቶች የጋራ መታጠቢያ ቤት ጎራ አልን። እማማ ቀድመውን ገብተው ኖሯል። ሲያዩን ጀርባቸውን ከግድግዳው ለጠፉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ታላቅን አይቶ ጀርባውን ሳያሹ መውጣት ነውር ነው።

«ዞር ይበሉ፣ ልሽዎት» አለች ሄሪን።

«ዛሬስ ንጹሕ ነኝ፤ ተዪኝ።»

«ኋላ ባለጌ እንዲሉኝ ነው?» ብላ እየሳቀች አዞረቻቸው። ቀበቶው የሚያርፍበት ቦታ ዙሪያውን ተልጦ ቆስሏል።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ከከተማ እየተመላለስሽ ለፍተሽ፣ እኔ ክፉ ተናግሬ ማርክሽን ላስቀንስ?»

«አውልቀው አይጥሉትም ታዲያ?»

«ጎረቤት አይቶ ይነግርሽ የለ።»

ከዚያ ወዲያ ሄሪን እህል አልወርድላት አለ። እኔ ጥፋቱ የእማማ ይሉኝታ ነው ብዬ ላጽናናት ሞከርኩ።

«ይሉኝታቸውን አጥቼው ነው?» አለችኝ። «‹ይመችዎታል አይደል› ብዬ ነው እኮ የጠየቅኋቸው። አልጠየቅሁም፣ ለመንኩ። እሳቸውም መጸወቱኝ።»

ቀኑ ደረሰ። እማማ ተጋብዘው፣ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል። ሄሪን መድረክ ላይ ወጥታ ፊልሙን ሳታሳይ ቀረች። «ይህ መቀመጫ እማማ ጆምሱንን አቁስሏቸዋል» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ማለፍ አይገባኝም።»

እማማ ብድግ አሉ።

«አትስሟት፤ ትሕትና አብዝታ ነው። ያሳደጋት ይባረክ።» መቀመጫውን ከጠረጴዛው አንስተው፣ ቀበቶውን በዚያ ልብሳቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አሰሩና በሁላችን ፊት ቁጢጥ አሉ። «ይኸው። የቆሰለ ሰው እንዲህ ይቀመጣል?»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ፕሮፌሰር ኖ፣ በእኛ ሙያ ከሠሪው ይልቅ የሚታመነው ተጠቃሚው ነው አሉና ከክፍሉ የበለጠውን ማርክ ሰጧት።

ሄሪን ከመድረኩ ወርዳ ከእማማ ኋላ ተንበረከከች። ቀበቶውን ልትፈታ ስትነካው፣ እማማ ፈገግታቸውን ሳያጥፉ ወደ ጆሮዋ ዘንበል አሉ።

«ቀስ ብለሽ ፍቺው ልጄ፤ ሰው እያየን ነው።»