ጭራ ያላት ፊደል

ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን ቡሬ ለኮምፒውተር ጸሐፊ ሰጥታ ኖሮ፣ በገበያው ቀን «አባባ፣ ሲመለሱ ይዘውልኝ ይምጡ፤ ነገ ባሕር ዳር ካላስረከብኩ አልመረቅም» አለችኝ። እኔ ከፊደል ገበታ ብዙም አላለፍኩም። የፈረንጁንማ ስሙን አላውቅም፤ መልኩን ግን አያለሁ።

ጸሐፊው ዘንድ ደርሼ ወረቀቱን ገለጥ ባደርገው አንዲት ጭራ ያላት ክብ ፊደል ከዳር እስከ ዳር ተሰልፋለች። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ ሌላዋ እንደዚያው።

«እንቅልፍ ወስዶህ ነው?» አልኩት ጸሐፊውን።

«ልጅዎ እንዲህ አድርጋ ነው የሰጠችኝ፣ አባባ።»

«ልጄን የማውቃት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ተምራ አንድ ፊደል ስትደጋግም አትውልም። አንዷን ተውና ሌላውን አጥፋ!»

ከኋላዬ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የተሰለፈው ሁሉ አጉረመረመ። ንቅንቅ አላልኩም። ጸሐፊው ላቡን እየጠረገ አጠፋልኝ።

ቤት ስደርስ ልጄ አየችውና መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«አባባ፣ ዓመቱን ሙሉ የለፋሁት እኮ ለነዚያ ድግግሞሾች ነው!»

«ምን ይሠሩልሻል?»

«ፕሮቲን የሚባለው የሰውነታችን መሥሪያ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ሃያ ዓይነት ቅንጣቶች ተቀጣጥሎ ነው የሚሠራው። እያንዳንዷ ፊደል የአንዷ ቅንጣት ምልክት ናት። አብዛኛው ቦታ ቅይጥ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ግን አንዷ ብቻ ትደጋገማለች። የትኛዋ እንደምትበዛ ደግሞ ከፍጡር ፍጡር ይለያያል። ፈረስ ቤት አገር ገብስ፣ ሽንዲ አገር በቆሎ እንደሚበዛው ይቁጠሩት። እርሾን፣ ዝንብንና ሰውን ሳስተያይ ነው የከረምኩት።»

«ገብስ ነው ብትይኝ ኖሮ እነካው ነበር?» ብዬ ተቆጣሁ። ጥፋቱ የኔ መሆኑ ገብቶኛል፤ ቁጣው ግን ቀደመኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጽሑፉን በእጇ የጻፈችበትን ደብተር ይዘን ቡሬ ወረድን። ጸሐፊው ሲያየኝ በሩን ሊዘጋ ቃጣው። ያጠፋውን ቅጂ አላስቀረም ኖሮ እንደ አዲስ ይመታ ጀመር። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ደብተሩን በጣቴ እየተከተልኩ እቆጥራለሁ።

«አለቀ» አለ።

«አላለቀም። እዚህች ላይ አንዲት ቀርታለች።»

«አባባ፣ ትናንት ሁሉንም አስጠፍተውኝ ዛሬ ለአንዲት ፊደል ይጣሉኛል?»

«ትናንት ትናንት ነው። ጨምር!»

ልጄ ጎንበስ ብላ ቆጠረች። እውነትም ቀርታለች። ጨመረ።

መናኸሪያ ረዳቱ «ባሕር ዳር አንድ ሰው!» ይላል። ልጄ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጣብቃ ስትሮጥ «እስክትገቢ ልያዝልሽ» አልኳት።

«እርስዎስ አይንኩት!» ብላ ገባች።

ቢሮው ሳይዘጋ ደርሳ አስረከበች።