እሳቱ ሰ በጎንደር የጥልፍ መንገድ

ከንጋቱ 12፡10፣ አምባ ጊዮርጊስ

ሚኒባሱ ገና አልሞላም። በገብሱ ማሳ ላይ አመዳይ ወርዷል። እኔ የምሄደው በጎንደር ስላለው የጥልፍ መንገድ ለመጻፍ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት መሪጌታ ሐዲስ፣ የደብራቸው የማርያም ቤተ ክርስቲያን የዜማና የግዕዝ መምህር፣ እዚያው ያዘዙትን የከፋይ ጃንጥላ ሊቀበሉ ነው። ንግሡ ነገ ነው፤ አሮጌውን ጃንጥላ ዝናብ ጨርሶታል።

«ዛሬ ይዤው ካልተመለስሁ ታቦቱ በምን ተጠልሎ ይወጣል?» አሉኝ።

ሾፌሩ ዞር ብሎ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ፣ የኔታ። ቦታ እይዝልዎታለሁ፤ ግን ተሳፋሪ ጃንጥላ አይጠብቅም» አለ።

2፡00፣ ጎንደር

መንገዱ ከአራዳ ገበያ ጀርባ ነው። በረንዳ ላይ ብቻ አሥራ ዘጠኝ የስፌት ማኪናዎች ቆጠርሁ። የሙሽራ ካባ፣ ከጎማ የተቆረጠ ጫማ፣ ከቆዳ ቁራጭ የተሰፋ ቦርሳ፣ ቀለሙ ያልደረቀ ታፔላ። አንዲት ሴት የቦርሳ ማንገቻ እየጎተቱ ከቦርሳ ሻጩ ጋር ይከራከራሉ።

«በሬ ቢያስሩበት አይበጠስም፣ እናቴ።»

«በሬ የለኝም፤ ዋጋውን ቀንስልኝ!»

ጥልፍ ሠሪዋ ትርንጎ ጃንጥላውን ዘረጋችው። ቀይ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ፣ በስምንቱም ገጽ የወርቅ ክር ጽሑፍ። መሪጌታ «ሸጋ ነው፣ ሸጋ!» እያሉ ቀረቡና ጽሑፉን በጣታቸው ተከተሉ።

«ልጄ፣ ምን ይላል ይሄ?»

«እንዳዘዙኝ ነው፣ የኔታ። ሠዐሊ ለነ ቅድስት።»

«እኔ ለምኚልን አልሁ እንጂ ሥዕል ሣዪልን መቼ አልሁ!»

ትእዛዙ የተሰጠው በስልክ ነበር። በግዕዝ «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው።

ጎረቤቷ ሠዓሊው ጌጡ ሳቁን ለቀቀው። «እመቤታችን ሥዕል ከጀመረች እኔ ሥራ ፈታሁ!»

መሪጌታ ቀና ብለው ታፔላውን አዩ፤ «ሰአሊ ጌጡ» ይላል። «አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? በርህ ላይ ለማኝ ጌጡ ብለህ ለጥፈህ!»

መንገዱ በሙሉ ሳቀ። ጌጡም፣ «ለካ ደንበኛ የሚሸሸኝ ወዶ አይደለም» አለ።

ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ስምንት ገጽ፣ በየገጹ ሁለት ፊደል፤ አሥራ ስድስት ፊደል ተተርትሮ እንደገና ይጠለፋል። ከፋይ ደግሞ መርፌ የወጋውን አይደብቅም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ መሪጌታ። «እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ ብዬ መንገር ነበረብኝ።»

4፡30፣ እዚያው

ጨርቁ ከዘንጉ ወጥቶ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፏል። የካባ ሰፊውና ቦርሳ ሻጩ ሥራቸውን ትተው በምላጭ ይተረትራሉ። ሻይ ሻጯ የሚፈላ ማንቆርቆሪያዋን አመጣች፤ ትርንጎ የተወጋውን ቦታ በእንፋሎቱ እያሞቀች በብሩሽ ስታበጥረው የከፋዩ ጸጉር ቀና ይላል። የቀረውን ቀዳዳ ወፈር ያለ ፊደል ይሸፍነዋል። ፊደሉን በጠመኔ የሚነድፈው ጌጡ ነው፤ መሪጌታ ከጀርባው ቆመዋል።

«እግሩን አቅናው። ሰካራም አስመሰልኸው።»

«የኔታ፣ ሥዕል ሳይሆን ፊደል ስጽፍ እጄ ይፈራል።»

8፡50

ሾፌሩ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ። መሪጌታ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ «ትንሽ ታገሠኝ፤ አንድ አልፋ ቀረኝ!» አሉ።

የሾፌሩ ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ። «አልፋ ማነው? እሱም ይሳፈራል እንዴ?»

ትርንጎ ማኪናዋን እየረገጠች ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት አሁን ነው። መጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰች። መሪጌታ አሥራ ስድስቱንም በጣታቸው እየነኩ አነበቡ፤ ጨርቁ ዘንጉ ላይ ተመልሶ ታሰረ፤ ጃንጥላውን ጠቅልለን መናኸሪያው ድረስ ሮጥን።

10፡45፣ አምባ ጊዮርጊስ

ደብሩ በር ላይ ዲያቆናቱና ሴቶቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ጃንጥላው ሲዘረጋ እልልታው ቀለጠ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው የጃንጥላውን ዘርፍ ከሳሙ በኋላ ወደ መሪጌታ ዞሩ።

«ሸጋ ነው። ግን ምነው እንዲህ ዘገዩ፣ የኔታ? ምን ሲያደርጉ ዋሉ?»

አርባ ዓመት ግዕዝ ያስተማሩት መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ፊደል ስቆጥር።»