የተሰበረው ክንዷ ነው

«ቆይ ቆይ፣ ወንድ ነህ ሴት?» አለች ነርሷ።

ዛሬ ጠዋት ነው፤ ግፊቴን ልለካ እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ ጤና ጣቢያ ተቀምጫለሁ። የተጠየቀችው በወንድነት ተወልዳ በሴትነት የምትኖር ወጣት ናት። ባጃጅ ተገልብጦባት ክንዷን ይዛ መጥታለች።

«ሴት ነኝ፤ የተሰበረው ግን ክንዴ ነው» አለች።

ነርሷ ባልደረቦቿን ጠራች። ከላቦራቶሪ መጡ፣ ከካርድ ክፍል መጡ፣ ጥበቃው ሳይቀር መጣ። ለወላድ እንኳ እንዲህ ሲሯሯጡ አይቼ አላውቅም።

ክንዷን የነካ ግን አልነበረም።

«አጥንቷን እዩላት እንጂ» አልኩ።

«ጋሼ ይቀመጡ፣ ግፊትዎ ይጨምራል» አለችኝ ነርሷ።

በዚህስ አልተሳሳተችም።

ልጅቷ ክንዷን በሻሿ አንጠልጥላ፣ ሳትታከም ወጣች። አንዱ ከኋላዋ በስልኩ ፎቶ አነሳት።

እናንተስ፣ ሕመማችሁን ትተው ሌላ ነገር የጠየቋችሁ ሐኪሞች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጻፉልኝ። የእሷን ፎቶ ግን፣ ራጅ ካልሆነ በቀር፣ እንዳትልኩልኝ።