ትንሽ ነው ያልኩት መንቀጥቀጥ

ያን ሰሞን እናቴና ልጄ ባሉበት አገር መሬት ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር፣ የአሠሪዎቼ ቤት ጣሪያ ላይ ልብስ አጥባለሁ። የመጀመሪያው ሲመጣ ቁጥሩ አምስት ነጥብ ምናምን ነው ተባለና ሁለቱም ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ሥር አደሩ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሌላ መጣ። ስልኬን ከፈትኩ፤ አራት ነጥብ ምናምን ይላል። ወዲያው ደወልኩ።

"እማዬ፣ የዛሬው ትንሽ ነው፤ እየቀነሰ ነው። ብርዱ ልጅቷን ሳይጎዳት ቤት ግቡ።"

"አንቺ ካልሽ" አለች። ሰው አገር ስለምኖር ሁሉን የማውቅ ይመስላታል። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲመስላት እወድም ነበር። ትምህርት ያቋረጥኩት ከሰባተኛ ነው። የቀረውን የማዳም ልጆች ሲያጠኑ አጠገባቸው ልብስ እያጠፍኩ ለቃቅሜዋለሁ።

ስልኩን ዘግቼ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን መጭመቂያው ላይ አዞርኩት። አሮጌ ነው፤ ሲጨምቅ አጠገቡ ያለችው ክፍሌ ትርገፈገፋለች፣ የሻይ ብርጭቆዬ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫል። ስንቴ ለማዳም ነግሬያታለሁ! ታች ሳሎን ተቀምጣ፣ "እኔ ምንም አይሰማኝም፤ ኸላስ፣ አታካብጂ" ትለኛለች።

ብርጭቆው እንዳይወድቅ ያዝኩት። እንደያዝኩት ቀረሁ።

ማሽኑ አንድ ነው። ለእሷ የለም፣ ለእኔ ግድግዳ ይነቀንቃል። ዜናውን እንደገና ከፈትኩ። ቁጥሩን ብቻ ነበር ያየሁት፤ የፊተኛው መነሻ ሩቅ በረሃ ውስጥ ነው፣ የዛሬው ግን የከተማችን አፍንጫ ሥር። ከልጆቹ መጽሐፍ ያነበብኩት ትዝ አለኝ፦ መጠን የሚሉት መነሻው ላይ የወጣው ጉልበት ነው፤ ለአንድ መንቀጥቀጥ አንድ ቁጥር። ጥንካሬ የሚሉት ደግሞ ሰው ያለበት ቦታ የደረሰው ነው፤ እንደ ርቀቱ፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ ቤቱ ይለያያል።

የእናቴ ቤት ጭቃ ነው።

ደወልኩ። አይነሳም። ማዳም ከታች "ያላ፣ ቶሎ በይ! አላለቀም?" ትላለች። ደግሜ ደወልኩ። በሦስተኛው ልጄ አነሳች።

"እማ፣ ፍራሹን እያስገባን ነው።"

"አያትሽን ስጪኝ፣ ቶሎ!" እናቴ ስትቀበላት፣ "እማዬ፣ ውጡ!" ብዬ ጮህኩ።

"ቅድም ግቡ፣ አሁን ውጡ! ኳስ አደረግሽኝ እንዴ?"

"ተሳስቼ ነው። የቁም ሳጥኑ ብርጭቆዎች የፊተኛው ጊዜ ምን ሆኑ?"

"ተንጫጩ።"

"ዛሬስ?"

 ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሦስቱ ወድቀው ተሰበሩ። ከበሩ በላይም ግድግዳው ተሰንጥቋል። አንቺ ትንሽ ነው ስላልሽ እኮ ነው..." አለች።

ዓይኗ ያየውን ትታ የእኔን ቁጥር አምናለች። 

"ፍራሹን ተዪው። ልጅቷን ይዘሽ ውጪ፤ ስልኩን አትዝጊው።"

የልጄን ነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማሁ። የበሩን ሲጢጥታ። ቀጥሎ ነፋስ።

"ወጥተናል" አለች እናቴ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች። "ሁለተኛ ሪያድ ሆነሽ ስለ ቤቴ እንዳትነግሪኝ። ጠይቂኝ።"

"እሺ" አልኳት። ማሽኑ ቆሟል። እኔ ግን ብርጭቆውን አሁንም አልለቀቅኩትም።